ለሚወለድ ህፃን ካርዲጋን፣ ስካርፍ ብቻ የምችል ሰው ይሰራዋል?

ጀማሪ_ክር፦
ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ ልትወልድ ሰባት ሳምንት ነው የቀራት፣ እኔ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት አፌን ከፍቼ "ለልጁ ካርዲጋን (ፊቱ የሚከፈት ባለቁልፍ ሹራብ) በእጄ ሰርቼ አለብሰዋለሁ" አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። እስካሁን በህይወቴ የጨረስኩት አንድ ስካርፍ ነው፣ እሱም ሲጀመር 30 ስቲች (መርፌው ላይ የሚሰለፈው የክር ቀለበት) ነበር ሲያልቅ 37፣ ሰባቱ ከየት እንደመጡ እግዜር ነው የሚያውቀው። ኒት እሰራለሁ፣ ፐርልም እችላለሁ ግን እጠላዋለሁ (ከቪዲዮ ስለተማርኩ ነው እንዲህ የምለው፣ ቀጥታና ግልብጥ የምትሉም አላችሁ መሰለኝ)። ያገኘሁት ፓተርን ሁሉ ወይ አምስት ቁራጭ ሰርተሽ ስፊው ይላል ወይ የሂሳብ ፈተና ነው የሚመስለው። ክር ገና አልገዛሁም። ምን አይነት ክር፣ ስንት ቁጥር መርፌ፣ ስንት ስቲች፣ ደሞስ አዲስ የተወለደ ልጅ ምን ያህላል? በናታችሁ ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረዱኝ፣ ስለማላውቅ።

ግራ_እጅ፦
ሃሃሃ ሰባቱ ስቲች እኔም ቤት መጥተው ነበር። ሚስጥሩን ልንገርሽ፣ ረድፍ ስትጀምሪ ክሩን ሽቅብ በመርፌው ላይ አሳልፈሽ ወደ ኋላ ከጎተትሽው የመጀመሪያው ስቲች ተዘርጥጦ ሁለት ይመስላል፣ አንቺም ምስኪን ሁለቱንም ትሰሪያቸዋለሽ። ክሩን ከመርፌው በታች አድርገሽ ወደ ኋላ ውሰጂው፣ አንድ መሆኑ ይታይሻል። በየአስር ረድፉ ደግሞ ቁጠሪ። እኔ አልቆጥርም ነበር፣ አሁን ግን እንደ ባንክ ቤት ሰው ነው የምቆጥረው።

የመንታ_እናት፦
እህቴ ስለ ክሩ ሌሎቹ ይነግሩሻል፣ እኔ ግን አልባሽ ስለነበርኩ በዛ በኩል ልምጣ። ሁለቱ ልጆቼ ሲወለዱ በእጅ የተሰራ ሹራብ ብቻ ዘጠኝ ደርሶኛል። ስንቱን አለበስኩ? ሁለቱን። ሰባቱ አንድ ቀን ፎቶ ተነስተውባቸው መሳቢያ ገቡ። ከዛ ሁሉ ቆንጆው አንዱ ነጭ ነበር፣ የእጅጌው ጫፍ ግን የኔ ሁለት ጣት እንኳን አያስገባም። አራስ ልጅ እኮ እጁን አይልክልሽም! ጣቶቹን ይበታትናል፣ አንዷ ትንሿ ጣት ክሩ ላይ ትያዛለች፣ ያለቅሳል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። ህፃን የሚለበሰው እንዲህ ነው፣ አንቺ ጣቶችሽን ከእጅጌው ጫፍ በኩል አስገብተሽ ወደ ትከሻው ትልኪያለሽ፣ እዛ የልጁን እጅ ጠቅልለሽ ትይዢና ሹራቡን ወደ ላይ ትስቢያለሽ። ስለዚህ እጅጌው ያንቺን ሦስት አራት ጣት ካላስገባ እንዳትሰሪው። የፊቱ መከፈትም ለዛ ነው ደስ የሚለው፣ በጭንቅላት የሚገባ ሹራብ አራስ ላይ ስቃይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኗ ሳይገለጥ ልታለብሰው የምትችለውን ስሪላት፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

እትዬ_ሱፍ፦
ልጄ ሰባት ሳምንት ብዙ ነው አትደንግጪ። የስፌቱን መንገድ ተይው፣ ከአንገት ጀምረሽ ወደ ታች በአንድ ቁራጭ ስሪው። ራግላን የሚሉት ነው።

መጀመሪያ ልክ። የአራስ ልጅ ደረት ዙሪያው ሲወለድ 33 ሳ.ሜ ገደማ ነው፣ ግን ቶሎ ስለሚያድግ ለ40 እንሰራለን፣ ሹራቡ ተቆልፎ 43 ወይም 44 ይሁን። ከብብት እስከ እጅጌ ጫፍ 13 ሳ.ሜ ይበቃል፣ ከኋላ አንገት እስከ ታች 21 ወይም 22። ቢተልቅ ይታጠፋል፣ ቢጠብ ግን ምንም አታደርጊውም። ልጅ ደሞ በአራት በአምስት ወሩ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፣ አስቢው።

ክሩ ዲኬ የሚባለው መካከለኛ ውፍረት፣ መርፌው 4 ቁጥር ማለትም 4 ሚሊሜትር፣ በገመድ የተያያዘው ቢሆን ይሻላል ምክንያቱም መሀል ላይ ስቲቹ ይበዛል፣ ቀጥ ያለው መርፌ ላይ ይጨናነቃል። ባለ 50 ግራም ሦስት ጥቅል ግዢ፣ ሁለቱ ሊበቃም ሊጎድልም ይችላል። ወረቀቱ ላይ የማቅለሚያ ቁጥር አለ፣ ሎት ይሉታል፣ የሦስቱም አንድ አይነት ይሁን።

አሁን ስራው። 56 ስቲች ጫኚ፣ ማለት መርፌው ላይ 56 ቀለበት አድርገሽ ጀምሪ፣ ላላ አድርገሽ፣ እጅሽ የሚጠብቅ ከሆነ ለመጫኛው ብቻ ትልቅ መርፌ ተጠቀሚ አንገቱ እንዳያንቀው። ከዛ 11 ቆጥረሽ ምልክት፣ 8 ምልክት፣ 18 ምልክት፣ 8 ምልክት፣ የቀረው 11። አስራ አንዶቹ ፊት ናቸው፣ ስምንቶቹ እጅጌ፣ አስራ ስምንቱ ጀርባ። ከፊት በኩል በምትሰሪው ረድፍ ሁሉ ከእያንዳንዱ ምልክት በፊት ያለውን ስቲችና በኋላ ያለውን ስቲች እጥፍ ታደርጊያለሽ፣ ማለት አንዱን ስቲች ከፊቱ ሰርተሽ ሳትለቂው እንደገና ከኋላው ትሰሪያለሽ። በአንድ ረድፍ 8 ይጨምራል። በመልሱ ረድፍ ምንም አትጨምሪም። እንዲህ 14 ጊዜ ስትጨምሪ 28 ረድፍ ይሆናል፣ መርፌው ላይም 168 ስቲች ይኖራል። 25 ፊት፣ 36 እጅጌ፣ 46 ጀርባ፣ 36 እጅጌ፣ 25 ፊት። ሌላ ቁጥር ከመጣብሽ ቁሚ አትቀጥዪ።

ከዛ እጅጌዎቹን በትርፍ ክር ላይ አስቀምጠሽ ገላውን ለብቻ ወደ ታች ትወርጃለሽ። ብብት ስር ሁለት ሁለት ስቲች ትጨምሪያለሽ፣ 100 ይሆናል። እዛ ስትደርሺ ንገሪኝ። ፐርል ከጠላሽ ሁሉንም ረድፍ ኒት አድርጊው፣ ጠርዙም አይጠቀለልብሽም።

ጀማሪ_ክር፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄ ሁሉ ቁጥር አንድ ላይ ሲመጣ ደንግጬ ነበር፣ ወረቀት ላይ አንገት፣ ትከሻ፣ ብብት ብዬ ስስለው ግን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሱፍ ይሁን አክሬሊክ? እናቴ ሱፍ ያሳክካል ትላለች፣ ጓደኛዬ አክሬሊክ ፕላስቲክ ነው ትላለች።

ባለኪሮሽ፦
አክሬሊክ ግዢ ጨርሺ። እህትሽ አራስ ሆና ሹራብ በእጅ ስታጥብ ታየሻለች? ማሽን ውስጥ ይገባል ይወጣል አለቀ።

አባ_ሹራብ፦
ባለኪሮሽ አልስማማም። አክሬሊክ ይታጠባል እውነት ነው ግን ላብ አይመጥም፣ እርጥበቱ ልጁ ላይ ነው የሚቀረው። ሱፍ ደግሞ ረጥቦም ይሞቃል፣ እሳትም ቶሎ አይይዘውም፣ አክሬሊክ ግን ይቀልጣል። "ሱፍ ያሳክካል" የሚባለው ወፍራሙ ሱፍ ነው፣ ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዝርያ ግን ፀጉሩ ቀጭን ስለሆነ አይወጋም። የማሽኑ ጉዳይ ከሆነ ሱፐርዎሽ የሚል የተፃፈበት ሜሪኖ አለ፣ ማሽን ውስጥ ይታጠባል፣ እንዳይኮማተር ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ያልተፃፈበትን ሱፍ ማሽን ከከተትሽው ግን ካርዲጋን ከተሽ ለአሻንጉሊት የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ነው የምታወጪው፣ እኔ አንድ ጊዜ አውጥቻለሁ።

ባለኪሮሽ፦
እሺ ሱፐርዎሹ ይሁን፣ ግን እርጥብ ሲሆን እንደሚለጠጥ ንገራት እንጂ። ከሰቀለችው እጅጌው ጉልበቱ ጋ ይደርሳል።

አባ_ሹራብ፦
እሱስ ልክ ነሽ። ፎጣ ላይ አስተኝቶ ማድረቅ ነው፣ አይሰቀልም። አክሬሊክ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ካውያ እንዳያስነካው፣ አንዴ ሙቀት ከነካው እንደ ሞተ ነገር ልፍስፍስ ይላል አይመለስም።

እትዬ_ሱፍ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ልጅቷን አታጨናንቋት። ጉንጭሽ ላይ አሺው፣ አንገትሽ ላይ አሺው፣ ካልኮሰኮሰሽ ለልጁም ይሆናል። ፀጉር የሚያበቅለውን ክር ብቻ እንዳትገዢ፣ ሞሄር ምናምን፣ ልጁ አፉ ውስጥ ይገባበታል።

ጀማሪ_ክር፦
ሱፐርዎሽ ሜሪኖ ገዛሁ፣ የሰናፍጭ ቢጫ ነገር ነው ቀለሙ፣ ሴትም ወንድም ይሁን ያምርበታል። ዛሬ ማታ 56 ስቲች እጭናለሁ!

እትዬ_ሱፍ፦
ቆይ ቆይ። ናሙና ሰርተሻል?

ጀማሪ_ክር፦
ናሙና... ግዴታ ነው?

ግራ_እጅ፦
ኧረ ስሪ! እኔ "ጊዜ አላባክንም" ብዬ ዘልዬ ለአራስ የጀመርኩት ለሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ አለቀ። ጥሩነቱ ጎረቤት ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ነበረ።

ጀማሪ_ክር፦
እሺ ሰራሁ። 30 ስቲች ጭኜ ኒት ኒት ኒት አድርጌ በማስመሪያ ስለካው በ10 ሳ.ሜ ውስጥ 25 ስቲች ነው የቆጠርኩት። የክሩ ወረቀት ግን በ4 መርፌ 22 ይላል። ሦስት ስቲች ነው እንግዲህ፣ ምን ችግር አለው?

እትዬ_ሱፍ፦
ችግሩን አስይው። 100 ስቲች በ22 ሂሳብ 45 ሳ.ሜ ተኩል ነው። ፊት ለፊት የሚደራረበው ጠርዝ 2 ሳ.ሜ ይወስዳል፣ ተቆልፎ 43 ተኩል ይቀራል፣ ጥሩ። ባንቺ እጅ በ25 ሂሳብ ግን ያው 100 ስቲች 40 ሳ.ሜ ነው፣ ጠርዙ ሲደራረብ 38። ለ40 ደረት ነው የምንሰራው ብዬሻለሁ። ልጁ እዛ ሲደርስ አይቆለፍም። እጅሽ ይጠብቃል ማለት ነው፣ 4 ተኩል መርፌ ያዢና እንደገና ሞክሪ። እጅሽን ለማላላት አትታገዪ፣ የሰው እጅ ጠባይ ነው፣ መርፌውን ቀይሪ።

ጀማሪ_ክር፦
በ4 ተኩል 22 መጣ!! ሦስት ስቲች ሹራብ እንደሚገድል አላውቅም ነበር። ጀመርኩ።

አባ_ሹራብ፦
እስክትሰሪ ድረስ ወሬ ላውራችሁ። ካርዲጋን የሚለው ስም ከእንግሊዙ ሎርድ ካርዲጋን የመጣ ነው፣ በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ ያንን ቀላል ፈረሰኛ ጦር ወደ መድፍ አፍ የመራው ሰውዬ። የዛ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ደግሞ ሎርድ ራግላን ነበር፣ እትዬ የነገሩሽ የእጅጌ አይነት የተሰየመው በሱ ነው፣ በ1815 ዋተርሉ ላይ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። ፊት የሚሸፍነው ኮፍያ ደግሞ ባላክላቫ ይባላል። አንድ ጦርነት ሦስት ሹራብ።

ግራ_እጅ፦
አንድ እጅ ያለው ሰውዬ በእጅጌ ስሙ መጠራቱ ነው የገረመኝ። (ወደ ጉዳያችን እንመለስ እንጂ አባ ሹራብ ከጀመረ አያቆምም)

ጀማሪ_ክር፦
ሰዎች እርዱኝ። 168 ስቲች ደረስኩ፣ አራት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ልክ 168 ነው፣ 25 36 46 36 25፣ በደስታ ልጮህ ነበር። ከዛ እጅጌውን ከመለየቴ በፊት ብዬ ከአንገት እስከ መርፌው ስለካው 6 ሳ.ሜ ተኩል ብቻ ነው። አሻንጉሊት ላይ ሞከርኩት፣ ብብቱ ስር ይይዛል፣ ክንዱ ወደ ላይ ተሰቅሎ እጅ የሰጠ ወታደር መሰለ። ስፋቱ ልክ ነው ርዝመቱ ነው የጎደለው። ልተርትረው? ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብኝ፣ በናታችሁ ተርትሪው አትበሉኝ።

ግራ_እጅ፦
ወይኔ። ናሙናሽ እኮ ልክ ነበር?

እትዬ_ሱፍ፦
እንዳትተረትሪ! ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። 28 ረድፍ ያልኩሽ አንዱን ኒት አንዱን ፐርል ለሚሰራ ሰው ነው፣ እሱ በ10 ሳ.ሜ 30 ረድፍ ያህል ነው፣ 28ቱ 9 ሳ.ሜ ከምናምን ይሆናል። ከዛ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ኒት አድርጊው ብዬ በአንድ መስመር ጨመርኩልሽ፣ ሁሉም ኒት ሲሆን ግን ረድፉ ይጨመቃል፣ እንደ አኮርዲዮን በይው፣ በ10 ሳ.ሜ ከ40 ረድፍ በላይ ይገባል። ስቲች በስፋት ብዙም አይለወጥም፣ በርዝመት ነው ጉዱ። ናሙናሽን በስፋት ብቻ ነው ያስለካሁሽ፣ ረድፉንም ማስቆጠር ነበረብኝ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ስፋቱ ስለሞላ መጨመር አቁሚ፣ ዝም ብለሽ 10 ረድፍ ኒት ስሪ። 38 ረድፍ ይሆናል፣ 9 ሳ.ሜ ይመጣልሻል። ከዛ ለይው። ማንም አያውቅም።

ጀማሪ_ክር፦
10 ረድፍ ብቻ??? እትዬ እጅዎን ልሳም። እኔ እኮ ልተርትረው ክሩን ከመርፌው ላይ ልጎትት ነበር።

አባ_ሹራብ፦
ለወደፊቱ አንድ ዘዴ። ከባድ ቦታ ከመድረስሽ በፊት ለምሳሌ እጅጌ ከመለየትሽ በፊት፣ ሌላ ቀለም ቀጭን ክር በስፌት መርፌ አድርገሽ መርፌው ላይ ባሉት ስቲቾች ሁሉ መሀል አሳልፊና እዛው ተይው። ከዛ በኋላ ቢበላሽ እስከዛ ክር ድረስ ብቻ ነው የሚተረተረው፣ እዛ ላይ ይቆማል፣ ስቲቾቹም ተንጠልጥለው ይጠብቁሻል። ደሞ ሁሉም ኒት ሲሆን ፊትና ጀርባው ስለሚመሳሰል ፊቱ ላይ ባለ ቀለም ክር እሰሪ፣ መቼ ቁልፍ ቀዳዳ እንደምትሰሪ ታውቂያለሽ።

ጀማሪ_ክር፦
ቁልፍ ቀዳዳ?

የመንታ_እናት፦
ሃሃሃ አቤት ፀጥታው።

እትዬ_ሱፍ፦
ዛሬ እርጅናዬ ነው መሰለኝ። የቁልፍ ቀዳዳውን መጀመሪያ ላይ መናገር ነበረብኝ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁንሽና ልፃፈው። በ3ኛው ረድፍ፣ በ17ኛው፣ በ31ኛው፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ኒት፣ ክሩን መርፌው ላይ ጣል፣ ከዛ ሁለቱን አንድ ላይ ኒት። ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፣ 1 ሳ.ሜ ከምናምን የሚሆን ቁልፍ ያስገባል። ሦስት ቁልፍ ላይኛው በኩል ይበቃል፣ ከሆድ በታች ክፍት ቢሆን ዳይፐሩ ቦታ ያገኛል። እኔ በሁለቱም ጠርዝ ነው ቀዳዳ የማደርገው፣ ሴት ይሁን ወንድ ስለማይታወቅ፣ ኋላ በአንዱ በኩል ቁልፉን ቀዳዳው ላይ ሰፍቼ እደፍነዋለሁ።

አሁን ላንቺ ግን ቀዳዳ ስላልሰራሽ ጠቅ የሚለውን ቁልፍ ከውስጥ ስፊበት፣ ከላይ የተሰራ እንዲመስል ጌጥ ቁልፍ...

ሌሊት_ተረኛ፦
እትዬ ይቅርታ ላቋርጥዎት፣ ነርስ ነኝ ይሄን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጌጥ ቁልፍ አታብዢ እህቴ፣ አራስ ሲሆን አይነቅለውም፣ በአምስት በስድስት ወሩ ግን እጁ የገባው ነገር ሁሉ አፉ ነው የሚገባው፣ ቁልፍ ደግሞ ልክ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። የምትሰፊውን በጠንካራ ክር ስፊ፣ ከኋላው ትንሽ ጨርቅ አድርጊበት ሹራቡ ላላ ስለሆነ ክሩ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ከዛ በሙሉ ጉልበትሽ ጎትቺው። ቁልፍ ፈርታ አንገቱ ላይ ሪቫን ወይም ገመድ የምታደርግ ሰው አለች፣ እሱ ከቁልፍ ይብሳል፣ አንገት ላይ ምንም የሚታሰር ነገር አይደረግም። ውስጡ ደግሞ የተንጠለጠለ ክር እንዳይኖር፣ የህፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሲያቆም አይቻለሁ፣ ልጁ ያለቅሳል ማንም ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ካልሲና እጅጌ ውስጥ ነው የሚገኘው። በመጨረሻም ለእህትሽ ንገሪያት፣ ሲተኛ ታውልቅለት፣ ሙቀት ሲበዛበት ለአራስ ጥሩ አይደለም። መሞቁን በእጁ አትለካ፣ የአራስ እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ማጅራቱን ትንካ።

ጀማሪ_ክር፦
እሺ ነርሷ፣ ጌጥ የለም። ጠቅ የሚለው ሦስት ብቻ፣ እሱም ተጎትቶ።

ባለኪሮሽ፦
ወይም ደግሞ ኪሮሽ አምጪና ጠርዙ ላይ አንድ ዙር ስሪበት፣ ቁልፉ ጋ ስትደርሺ ሦስት ሰንሰለት ሰርተሽ ትንሽ ዘለሽ ተያያዢ፣ ቀለበት ይወጣልሻል። የሹራብ ሰዎች የረሱትን ሁሉ ኪሮሽ ነው የሚያርመው፣ በነፃ ነው የምነግርሽ።

ግራ_እጅ፦
ይሄን ለመናገር ሁለት ሳምንት የጠበቀች ነው የምትመስለው።

ጀማሪ_ክር፦
ባለኪሮሽ ሞከርኩት፣ ሆነ! ሰንሰለቱን አራት አድርጌው ነበር ቁልፉ እያመለጠ ሲወጣ ወደ ሦስት መለስኩት። ገላውን ጨርሻለሁ፣ ከብብት ወደ ታች 12 ሳ.ሜ፣ 50 ረድፍ ሆነ። ስዘጋው እንዳይጠብቅ በ5 ቁጥር መርፌ ነው የዘጋሁት። አሁን እጅጌ ላይ ነኝ፣ እትዬ በክብ ልስራው ወይስ ጠፍጣፋ?

እትዬ_ሱፍ፦
ጎበዝ! ጠፍጣፋውን ስሪ። በክብ ከሰራሽው ያው መልክ እንዲመጣ አንዱን ዙር ፐርል ማድረግ አለብሽ፣ አንቺ ደግሞ ተጣልተሻል። 36ቱን መርፌ ላይ መልሽ፣ ብብት ስር ካለው ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ አንሺ፣ 38። በየ12 ረድፉ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ቀንሺ፣ አራት ጊዜ፣ 30 ይቀራል፣ ሦስት ጣት ያስገባል። ስትሰፊው ጫፍ ለጫፍ አግጥመሽ ስፊው፣ አትደራርቢው፣ የተደራረበ ስፌት ልጁን ብብቱ ስር ይፈገፍገዋል። ብብት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ታያለሽ፣ ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል፣ በተረፈሽ ክር ከውስጥ ድፈኚው። ክር የምትቋጪበት ቦታ ቋጠሮ አታድርጊ፣ በመርፌ ወደ ውስጥ አመላልሰሽ ቅበሪው።

ጀማሪ_ክር፦
ጉድ ሆንኩ። ሁለተኛው እጅጌ መሀል ላይ ክር አለቀ። ሦስተኛውን ጥቅል ሳወጣ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ይላል፣ ወረቀቱን ሳይ ሎቱ ይለያል። እትዬ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ሁለቱን አይቼ ሦስተኛውን ሳላይ ነው የገዛሁት።

ግራ_እጅ፦
ሁለቱንም እጅጌ ጫፍ ከአዲሱ ክር አድርጊው። አንዱ ብቻ ከሆነ ስህተት ነው፣ ሁለቱም ከሆነ ዲዛይን ነው።

አባ_ሹራብ፦
ወይም ሁለት ረድፍ ከአሮጌው ሁለት ረድፍ ከአዲሱ እያፈራረቅሽ ብትሰሪ ዓይን አይለየውም። ግን አሮጌው ካለቀ ግራ እጅ ያለችው ነው የሚሻለው።

ጀማሪ_ክር፦
አሮጌው አልቋል። የመጀመሪያውን እጅጌ ጫፍ 12 ረድፍ ተርትሬ በአዲሱ እንደገና ሰራሁት፣ ከተረተርኩት ክር ደግሞ ሁለተኛው ትንሽ ቀጠለ። አሁን ሁለቱም ጫፍ ጠቆር ያለ ነው። እናቴ አይታ "እንዴት አምሮ ነው የተቀናጀው" አለች፣ ዝም አልኩ።

የመንታ_እናት፦
ዝም በይ። በጭራሽ እንዳትናገሪ።

ጀማሪ_ክር፦
ተወለደች! ሴት ናት፣ ከቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ቀድማ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ካርዲጋኑ ግን ገና ፎጣ ላይ ተኝቶ እየደረቀ ነበር፣ ከታጠበ በኋላ ትንሽ ሰፋ ብሏል ባለኪሮሽ እንዳለችው። ቁልፎቹን ሌሊት ሰፍቼ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። ጎትቻቸዋለሁ ነርሷ፣ አንዱ ተነቅሎ ነበር እንደገና ሰፋሁት።

ትልቅ ነው። በጣም። እጅጌው ጣቶቿን ሙሉ በሙሉ ይውጣል፣ ታች በኩል ደግሞ ዳይፐሩን አልፎ ጭኗ ጋ ይደርሳል። እህቴ እጅጌውን ሁለቴ አጠፈችው፣ ጠቆር ያለው ክር ውስጥ ገባና ጭራሽ ጠፋ። ግን እዩት፣ ስታለብሳት እጇን በእጅጌው በኩል ልካ የልጅቷን እጅ ይዛ ሳበቻት፣ አንድ ጊዜ፣ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

የመንታ_እናት፦
እንኳን ደስ አላችሁ!! መሳቢያ አይገባም ይሄኛው።

እትዬ_ሱፍ፦
እሰይ ልጄ፣ በእድገት ትልበሰው። መተለቁ አያሳስብሽ፣ በሁለት ወሯ ልኳ ይሆናል።

ሌሊት_ተረኛ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። የተነቀለው ስንተኛው ነበር?

ጀማሪ_ክር፦
የላይኛው፣ አንገቷ ጋ ያለው። ጨርቅ ያላደረግኩበት እሱ ብቻ ነበር።

እትዬ ደሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እህቴ ለስድስት ወሯ ሌላ ትፈልጋለች፣ የልጅ ደረት በዛን ጊዜ 43 ነው ካሉ ከ56 ፋንታ ስንት ልጫን? ፐርል ግን የለም።

እትዬ_ሱፍ፦
60 ጫኚ። ጀርባውን 20፣ ፊቶቹን 12 12፣ እጅጌውን 8 8። 15 ጊዜ ጨምሪ፣ 180 ይሆናል። ቀዳዳውን በ3ኛው ረድፍ ጀምሪ፣ አሁን አልረሳሁም። ረድፉን ደግሞ ናሙናሽ ላይ ቁጠሪና ስንት እንደመጣ መጥተሽ ንገሪኝ፣ ከዛ በፊት መርፌ እንዳትነኪ።